ዣዱብ ብለዋል ወይስ አላሉም? የአቶ ዘሩ ዓለምብርሃን የሕይወት ታሪክ

አቶ ዘሩ ዓለምብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ዓለምብርሃን ሙሉሰው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሻረግ በ1947 በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ተወለዱ። ዓመቶቹን በሙሉ እዚህ ጅቡቲ በለመድነው በፈረንጆች አቆጣጠር የጻፍኩት እኔ የበኩር ልጃቸው የውብዳር ነኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ፈረንሳይኛና ሒሳብ ተማሩ። ሒሳቡ እንዳልገባቸው ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ፈረንሳይኛውንም በአብዛኛው የቀሰሙት ቼዝ ካስተማሯቸው አንድ ፈረንሳዊ መምህር ስለሆነ፣ ዳቦ መግዛት ሲያቅታቸው ንጉሥ መማረክ ግን ይችሉ ነበር። እኛ ጳጳስ የምንለውን ጠጠር ፈረንሳዮች «ፉ»፣ ማለትም እብድ፣ እንደሚሉት ለንስሐ አባታቸው ሳይቀር አስረድተዋል። የንስሐ አባታቸው እዚሁ መካከላችን ስላሉ ከዚህ በላይ አልገባበትም።

በ1976 ከወ/ሮ ተናኘወርቅ ጋር ጋብቻ ፈጽመው እኔንና ወንድሜን ኢዮስያስን ወለዱ። በ1998 የፉርጎ ተቆጣጣሪ ሆነው ወደ ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ሲዛወሩ ቤታችንን አምቡሊ ሰፈር አደረግን። በዚያው ዓመት ካርቲየ ዱ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱት አቶ ኡበይድ ነጅሙዲን ጭነታቸውን ሊረከቡ መጥተው፣ ፉርጎው እስኪከፈት አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። ፉርጎው የተከፈተው በማግስቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ሁለቱን የሚለይ አልተገኘም።

አባታችን የቆዩ ጨዋታዎችን መተንተን ይወዱ ነበር። በኔ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን መርቁ ተብለው ተነሥተው፣ በ1972ቱ የዓለም ሻምፒዮና የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ አንድ ጳጳስ አንዲት ወታደር ልብላ ብሎ ገብቶ እንዴት መውጫ እንዳጣ አርባ ደቂቃ አስረድተዋል። ባለቤቴ ምክሩ ለእሱ እንደሆነ ነው እስከ ዛሬ የሚያምነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በቼዝ ሕግ ጠጠር የነካ ሰው ያንኑ ጠጠር የግድ ማንቀሳቀስ አለበት። ዘመም ያለውን ለማቃናት ብቻ ከሆነ ግን ከመንካቱ በፊት «ዣዱብ» ይላል፤ ላስተካክል ነው እንደማለት። አባታችን ይህን ቃል ከሰሌዳው አውጥተው ኑሮ አድርገውት ነበር። የሰው ክራቫት ሲያቃኑ ዣዱብ፣ የቬሎዬን ዓይነ ርግብ ሲያስተካክሉ ዣዱብ፣ ወጥ ውስጥ ጨው ሲጨምሩም ዣዱብ ይሉ ነበር።

በጁላይ 2003 አንድ ዓርብ፣ በዚያ ሙቀት፣ ጣቢያው ውስጥ እየተጫወቱ ሳለ አባታችን በፈረሳቸው የአቶ ኡበይድን ንጉሥና ግንብ በአንድ ጊዜ ሊይዙ አንድ እርምጃ ቀራቸው። እጃቸው ግን ንግሥቲቱን ነካ። ንግሥቲቱ ደግሞ ካለችበት ንቅንቅ ካለች ያው ግንብ ገብቶ አባታችንን ያሸንፋቸዋል። አባታችን «ዣዱብ ብያለሁ፤ ባቡሩ ጮኾብህ ነው» አሉ። አቶ ኡበይድ «ወላሂ አላልክም፤ ባቡሩ የጮኸው ከነካህ በኋላ ነው» አሉ። አባታችን የባቡሩን መግቢያ ሰዓት ከመዝገብ አስገልብጠው አመጡ። አቶ ኡበይድም «እቴ፣ እኔ የባቡር ሳይሆን የጆሮ ምስክር ነኝ» ብለው ገሸሽ አደረጉት።

ሰሌዳው እንዳለ፣ አንድ ጠጠር ሳይነቃነቅ፣ በአባታችን ጭን ላይ በሚኒባስ አምቡሊ ገባ። ለአሥራ አራት ዓመት ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጠ። እናታችን አቧራ ሲጠርጉ በየጠጠሩ ዣዱብ እንዲሉ ስለተገደዱ ዳር የተደረደሩትን የተበሉትን ጨምሮ ሠላሳ ሁለት ጊዜ የሚሉበትን ቀን ለይተው ነበር። አባታችን በ2007 ጡረታ ወጡ፤ ባቡሩም መምጣት አቆመ። ሁለቱ ሌላ ሰሌዳ ገዝተው መጫወት ቀጠሉ፤ ክርክሩ ግን በየዓርቡ እንደ አዲስ ይጀመር ነበር።

አባታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሳምንት ደከሙ። አቶ ኡበይድን ሆስፒታል አስጠርተው፣ «ኡበይድ፣ ያኔ አላልኩም» አሏቸው። አቶ ኡበይድ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ «ብለሃል እንጂ! በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ» አሉ።

«አላልኩም እኮ ነው የምልህ!»

«ብለሃል! ባቡሩ ነው የሸፈነው።»

በዚህም ቦታ ተለዋውጠው ነርሷ እስክታስወጣቸው ተከራከሩ። አቶ ኡበይድ በየነገሩ ወላሂ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን አንዴም አላሉም። እኛም በዚህ ገባን። አባታችንም ገብቷቸው ፈገግ አሉ፤ እውነቱ በዚህ ጽሑፍ እንዲነበብም አዘዙኝ። እነሆ አነበብኩት፦ አላሉም።

አቶ ዘሩ ኖቬምበር 9 ቀን 2017 በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና አቶ ኡበይድ ቀርተዋል። አቶ ኡበይድን ከቤተሰብ ጋር የጻፍኳቸው በስህተት አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ስንሰናበታቸው ጋቢያቸው ከትከሻቸው ሸርተት ብሎ ነበር። አቶ ኡበይድ ቀርበው እጃቸውን ዘረጉና ከመንካታቸው በፊት ቆም አሉ። ከዚያ ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብለው «ዣዱብ» አሉና ጋቢውን አቃኑላቸው።

ፈጣሪ የነካውን የማይተው ነውና፣ የአባታችንን ነፍስ በእጁ ያኑርልን። አሜን።