ለዩኪኮ ያልተነገረው መርዶ

አባዬ፣

አላህ ማረፊያህን ያስፋልህና ከተለየኸን ሰባት ወር ከአንድ ሳምንት ሆነ። ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ሁልጊዜ የምጀምረው «ጉዳዩ» ብዬ ነው። የዚህን ደብዳቤ ጉዳይ ግን በአንድ መስመር ማስቀመጥ ስላቃተኝ፣ ከቤት ወሬ ልጀምርልህ።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ነገ ትላለች፣ ነገዋ አያልቅም። የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅህን የሞባይል ሽፋን ለሚሸጥ ሰው አስረክበናል። ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩትን ሬዲዮኖች አልጋህ ሥር ደርድረናቸዋል፤ እማዬ አንድ ቀን መጥተው ይጠይቃሉ እያለች አቧራቸውን ትጠርጋለች። ከአብነት ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ዳር ብዙ ቤት ፈርሷል። የእኛም መስመር ይነሳል ይባላል፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ከጎረቤታችን ከጋሽ ታደሰ በቀር። እሱ እንደምታውቀው ሁሌም ከታማኝ ምንጭ ሰምቷል። ካንተ ወዲህ የሚከራከረው ሰው ስላጣ ወሬው ራሱ ጨው አንሶታል።

እኔም ያው ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ። የተጣላው፣ የተፈናቀለው፣ የተፋታው ይመጣል፤ እኔ በሱ አፍ ሆኜ «አመልካች» እላለሁ። በሰው አፍ መናገር ሥራዬ ነው። ጥፋቴም ከዚሁ ነው የጀመረው።

ዓይንህ እየደከመ ሄዶ ጨርሶ እምቢ ካለ በኋላ፣ ከሥራ ስመለስ ከስልኬ ዜና ማንበብ ልማዳችን ሆነ። አንተ ደግሞ ከዜና ሁሉ የጃፓንን ታስቀድም ነበር። ዕድሜህን ሙሉ የጃፓን ሬዲዮ ስትከፍት ኖረህ፣ ማንም የማያየውን ውስጡን እንዲህ አሳምሮ የሚሠራ ሕዝብ አይዋሽም ብለህ ፈርደህ ነበር። የጃፓንንና የዓለምን ዜና የሚያወጣ አንድ ድረ ገጽ አገኘን። ከእያንዳንዱ ዜና ሥር የአንባቢያን አስተያየት የሚሰጥበት ቦታ ነበረው፤ በየትኛውም ቋንቋ ብትጽፍ ማሽኑ ወደ ሌላው ያዞረዋል። ይህን ስነግርህ አልጋህ ላይ ቀና ብለህ ተቀመጥክ። የምትለው ብዙ ነበረህ።

አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ሹም ሥልጣኑን ለቆ ሕዝብ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ የሚለውን ዜና ሳነብልህ፣ እኛ ዘንድ የሚያጎነብሰው ባለጉዳዩ ነው ብለሽ ጻፊ አልከኝ። እኔ ፈርቼ «ጥሩ ልምድ ነው» ብዬ ላክሁት። እሱንም ገና ዛሬ ነው የምነግርህ። ስለ ኃያላኑ ፍጥጫ ስትሰማ ደግሞ ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው፣ እኛም ጃፓንም ሣር ነን አልክ። ጋሽ ታደሰ ጃፓንን ሣር ያደረገ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ ብሎ ሲስቅብህ ዋለ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ግቢ ተቀምጦ ለጃፓን ማሰብ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ነው አለህ። አንተም ውኃው እስኪመጣ ታዲያ ምን ልሥራ አልከው።

ከዚያ ጃፓን ውስጥ ምድር የተንቀጠቀጠበት ዕለት መጣ። ፍርስራሹን፣ ብርድ ልብስ ለብሰው ትምህርት ቤት ውስጥ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አነበብኩልህ። ሌሎች አንባቢዎች ስለ መንግሥት ዝግጅት፣ ስለ ግንባታ ጥራት ረጅም ረጅም አስተያየት ጽፈው ነበር። አንተ ግን በወሎኛህ፣ «አብሽሩ። እኛም አለን» ብለሽ ላኪ አልከኝ። ሌላ ምንም አልጨመርክም።

ማሽኑ «አብሽሩ»ን የሰው ስም አድርጎት ነበር። በሦስተኛው ቀን ዩኪኮ ከምትባል ሴት መልስ መጣ፤ «ውድ አቶ አብሽሩ» ይላል። ከሩቅ አገር ስላሰቡን አመሰግናለሁ፣ እኛ ያለንበት ከተማ አልተጎዳም፣ እህቴ ግን ቤቷ ፈርሶባታል ብላለች። እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። ቃሉ ስም ሳይሆን አይዟችሁ ማለት መሆኑን እንድነግራት አዘዝከኝ፤ እሷም በሁለተኛው መልሷ፣ እንዲያ ከሆነም ለርስዎ የሚገባ ስም ስለሆነ አልቀይረውም አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ አብሽሩ ሆንክ። እማዬም ዩኪኮን «ጣውንቴ» አለቻት፤ ምሳህን ስታቀርብ፣ ጣውንቴ ዛሬ ምን አለች ሳትል አትሄድም።

አባዬ፣ የዩኪኮ እውነተኛ ጽሑፎች እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ድረ ገጹ የአንባቢያን አስተያየት መቀበል አቆመ። ቦታው ተዘጋ፣ የቀደመውም ጠፋ። ያኔ ኩላሊትህ ከብዶብህ ከአልጋ መውረድ አቅቶህ ነበር። ዩኪኮ ጻፈች ወይ ስትለኝ አራት ቀን ሙሉ አልጻፈችም አልኩህ። በአራተኛው ቀን ምግብ ገፋህ። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ፣ ክፉ ነገር ተናግሬያት ይሆን ብለህ ተጨነቅህ። በአምስተኛው ቀን ስልኩን አወጣሁና የጠፋውን ስክሪን እያየሁ «ውድ አቶ አብሽሩ» ብዬ አነበብኩልህ። ዓይንህ እንደማያይ ተማምኜ ነው ያደረግሁት።

አንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር፤ አንድ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው። ከፍርድ ቤቱ ወደ ቤት በታክሲ ስመለስ ስለ ጃፓን እያነበብኩ ዩኪኮ ነገ የምትለውን አዘጋጃለሁ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ አደረግኋት። አንተ እንድታዝንላትና መጻፉን እንዳትተው ብዬ ባሏን ገደልኩባት፣ ልጅ ከለከልኳት፣ ብቻዋን አስቀመጥኳት። አንዴ ተሳስቼ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አስባልኳትና ይቺ ሴትዮ አብነት ኖራለች እንዴ ብለህ አስደነገጥከኝ። ማሽኑ ነው የተረጎመው አልኩህ፤ ማሽኑን አደነቅህ። አንተ ስለ ዓለም የምታስበውን ሁሉ ለሷ ተናገርክ። ስለ ጦርነት፣ ስለ ስደተኛ፣ ሰው ስላለቀባቸው የጃፓን መንደሮች፣ ስለ ልጅነትህ አገርም ጭምር። ለእኔና ለእማዬ ነግረኸን የማታውቀውን ለዩኪኮ ስትናገር ደስም ይለኝ ነበር፣ እቀናም ነበር። እኔው በፈጠርኳት ሴት ቀናሁ።

ይህን ሁሉ ምናልባት እችለው ነበር። ያልቻልኩት የመጨረሻውን ነው። ከመሞትህ ሦስት ቀን በፊት፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ እጄን ይዘህ እንዲህ አልከኝ፤

«ዘሃራ፣ እኔ ስሞት መርዶዬን ዩኪኮ ላይ እንዲያው በስልክ እንዳትወረውሪባት። ብቻዋን ያለች ሴት ናት። አጠገቧ ሰው መኖሩን አጣሪና በማለዳ ንገሪያት። አደራ። የሰማይ አደራ።»

ለምን እንዲህ እንዳልክ አውቃለሁ። አያቴ፣ እናትህ፣ ወሎ ስትሞት ለአንተ መርዶው የተነገረው በሰባተኛው ቀን ነው። ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ በር ላይ ቆመው ስታይ ነገሩ እንደገባህ፣ ከመውደቅህ በፊት ግን አራት እጅ ደግፎ እንደያዘህ ትነግረን ነበር። ለዩኪኮም እነዚያን እጆች ተመኘህላት። እኔ ብቻዋን ላደረግኋት ሴት አንተ ሰው ፈለግህላት። ያኔ እውነቱን ልነግርህ አፌን ከፈትኩ፤ «እሺ» የሚለው ቃል ቀድሞ ወጣ።

የቀብርህ ዕለት ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ የማስበው ይህን አደራ ነው። አደራ በላ ምን እንደሚባል አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ከሦስት ቀን ለቅሶ በኋላ ለድረ ገጹ አዘጋጆች ጻፍኩ፤ አድራሻው አይሠራም ተብሎ ተመለሰልኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ እሱም ተመለሰ። ስሟን ፈለግሁ። ጃፓን ውስጥ ዩኪኮን ፈልጉልኝ ማለት እዚህ ፋጡማን ፈልጉልኝ እንደ ማለት ነው። የአባቷን ስም አላውቅም፣ ከተማዋን አላውቅም። የማውቀው እኔ የፈጠርኩላትን ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም።

እማዬ ግን አልተወችኝም። ለጣውንቴ ነገርሻት ወይ እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። በአርባኛው ቀን ሶደቃ አውጥተን እንግዳው ሲሸኝ፣ ደክሞኝ ነበርና ነገርኳት አልኩ። ምን አለች አለችኝ። ምን ልበል አባዬ? ዩኪኮን እንደገና አናገርኳት። አለቀሰች፣ አጠገቧ እህቷ ነበረች፣ ለርስዎም አላህ ያጽናዎት ብላለች አልኩ። ጃፓናዊቷ አላህ ማለቷን እንኳ ልብ ሳትል፣ እማዬ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አነባች። አንተ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም። እኔ ቆሜ አየኋት፤ ማቀፍ እንኳ ተሳነኝ።

ስለዚህ ጉዳዩ ይህ ነው። አንተን አታለልኩህ፣ አደራህንም ማድረስ አልቻልኩም፣ አሁን ደግሞ እማዬ አለች። ለሷ ብነግራት ያንተን የመጨረሻ ዓመት ከእጇ እቀማታለሁ፤ ባልነግራት እንዲህ እየዋሸኋት እኖራለሁ። የሌላውን ሰው አቤቱታ የማቀርብበትን ችሎት አውቀዋለሁ፤ የራሴን ወዴት እንደምወስድ አላውቅም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ እላለሁ፤ አውፍ ማለትህን የምሰማበት መንገድ የለኝም።

እውነተኛዋ ዩኪኮ ግን የሆነ ቦታ አለች። መርዶ ያልደረሰው ሰው ዘንድ ሟች አልሞተም። አያቴ ከተቀበረች በአምስተኛው ቀን አንተ ሳታውቅ መርካቶ ወርደህ ፎጣ ገዝተህላት ነበር፤ አንተ ዘንድ ገና በሕይወት ነበረች። ዩኪኮም ዛሬ የእኛን አገር ዜና ስታነብ፣ ያ ሰውዬ ምን ይል ይሆን ብላ ታስብ ይሆናል። እስካገኛት እፈልጋታለሁ፤ ይህን ቃል እሰጥሃለሁ፣ ሳልረሳህም እኖራለሁ። ባገኛት አጠገቧ ሰው መኖሩን አጣርቼ በማለዳ እነግራታለሁ። ግን አባዬ፣ ፈልጌ ባጣኋት ቀን ሁሉ፣ ቢያሳፍረኝም፣ ደስ ይለኛል። እሷ ዘንድ አንድ ቀን ጨመርክ ማለት ነው።

ልጅህ ዘሃራ
ልደታ፣ አብነት