ሰናፍጭ ቀለሙ ሱፍ

ሰኞ

አገኘሁት። ራንድል ሰፈር ያለው የአሮጌ ልብስ ሱቅ ውስጥ፣ የሴቶች ካፖርት መሀል ተሸጉጦ። ሙሉ ሱፍ፣ ቀለሙ ሰናፍጭ፣ ሱሪው ከታች የሚሰፋ ቤልቦተም። ዕድሜውን ማወቅ ትምህርት አይጠይቅም። ቢጠይቅማ እኔ አላውቀውም ነበር፣ ኮሌጅን በሁለተኛው ወር ነው የተሰናበትኩት። ማስረጃዎቼ፦ ዚፑ ብረት ነው። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ በእጅ ተዘምዝመዋል። ኮሌታው ጆሮ ያክላል፣ የዝሆን ጆሮ። የውስጥ ኪሱ ላይ ደግሞ በአማርኛ “ልብስ ስፌት፣ ፒያሳ” የሚል ጥልፍ አለ፣ የሰፊው ስም በእጥበት ጠፍቷል። ወይ የንጉሡ መጨረሻ፣ ወይ የደርግ መጀመሪያ። ካልጋሪ ምን ሊሠራ መጣ?

ለካሁት። ልክ ለእኔ የተሰፋ።

እማዬ ገና ስታየኝ “ደግሞ የምን ሰልባጅ አመጣህብኝ?” አለች። ቪንቴጅ ነው አልኳት። “እኛ ስንለብሰው ሰልባጅ፣ አንተ ስትለብሰው ቪንቴጅ።”

ማክሰኞ

ለብሼው ሥራ ሄድኩ። ባቡር ውስጥ ሦስት ሰው ዞሮ አየኝ፣ አንዷ ቆንጆ ናት። ችግሩ ሱሪው የከተማውን በረዶና ጨው ሁሉ ሲጠርግ ዋለ። ስመለስ በእማዬ የስፌት መኪና አሳጠርኩት። አልቆረጥኩትም፣ አጥፌ ነው የሰፋሁት። ቪንቴጅ መቁረጥ ኃጢአት ነው።

ረቡዕ

የሰፈራችን ሐበሾች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሱፉን ፎቶ ፖስት አደረግኩ፣ ገበሩን ጭምር። “የተሰፋበትን ዘመን ላወቀ ሽሮ እሠራለታለሁ። ያላወቀ ደግሞ ቅጣቱ እሱን መብላት ነው።”

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እትዬ ዘነበች ደወሉ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር የሚኖሩት የእማዬ ጓደኛ። “ልጄ፣ በማርያም፣ ዲሊት አድርገው። ገበሩን በጥቁር ክር የጠቀምኩት እኔ ነኝ።”

የባላቸው የጋሼ ደሳለኝ የሠርግ ሱፍ ኖሯል! ባለፈው ወር እትዬ ቤት ሲያጸዱ ሳያውቁት ከአሮጌ ብርድ ልብስ ጋር ጠቅልለው ለሱቁ ሰጥተውታል። ቅዳሜ የጋብቻቸው ሃምሳኛ ዓመት ነው፣ ጋሼ ደግሞ ሱፌን ካልለበስኩ ፎቶ አልነሣም ብለዋል።

“የት አለ ሲለኝ ድራይ ክሊን ነው አልኩት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዋሽቼው አላውቅም።” “በትልቅ ነገር” ብለው ጨመሩ።

ዲሊት አደረግኩ። ጋሼ ቴሌግራም የሚከፍቱት መነጽራቸውን ሲያገኙ ነው፣ እግዜር ይስጠው መነጽሩ እንደጠፋ ነው።

ሐሙስ

መስጠት አልፈልግም።

ላለመስጠት፦ ልኬ ነው። ኮሌታው። ዚፑ። የባቡሯ ልጅ። ሁለተኛ አይገኝም።

ለመስጠት፦ ሰው ነኝ።

ሰው መሆኔ አሸነፈ፣ ለጥቂት።

ዓርብ

እጥፋቱን ተረተርኩ። መስመሩ አልለቅ ሲለኝ በኮምጣጤ አሽቼ ተኮስኩት፣ ለቀቀ። ጨዉንም አራገፍኩ። ከእማዬ ቁም ሣጥን የድራይ ክሊን ላስቲክ ሰርቄ ሱፉን አለበስኩትና ሞንተሬይ ፓርክ አደረስኩ። በሩን የከፈቱት ጋሼ ራሳቸው ናቸው።

“አንተ ደግሞ ድራይ ክሊን ገባህ እንዴ?”

“አዎ ጋሼ፣ ለትልልቅ ሰዎች ቤት ድረስ እናመጣለን።”

እትዬ ዘነበች ከኋላቸው ቆመው ጣሪያውን ያጠናሉ።

ቅዳሜ

ሱሪው ከጋሼ ጉልበት በላይ እምቢ አለ፣ ጥቁር ሱሪ ለበሱ። ኮቱ ግን ሳይቆለፍ ገባ። “እዚህ አገር ድራይ ክሊን ልብስ ያሳጥራል” አሉና እኔን አዩ።

ፎቶ አንሺው ሲያስተካክላቸው እጃቸውን ኪስ ከተቱ። አንድ ወረቀት ወጣ። የእኔ የባቡር ትኬት፣ የማክሰኞው! ስለ እጥፋቱ ስጨነቅ ኪሱን ረስቼዋለሁ። ክንዳቸውን ዘርግተው አነበቡት። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። መልሰው ኪሳቸው ከተቱና ለካሜራው ፈገግ አሉ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ አላዩም።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ጋሼ ለብቻዬ ወደ መኪናቸው ጠሩኝ።

“ድራይ ክሊን ለመሄድ ባቡር የሚሳፈር ሱፍ አይቼ አላውቅም።”

ሁሉንም ተናዘዝኩ። መኪናው ላይ ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ከኋላ ወንበር ሱሪውን አወጡ። “እኔን ንቆኛል፣ ላንተ ይሁን። ኮቱ የእኔ ነው።”

“ጋሼ፣ ሱፍ ለሁለት ይከፈላል እንዴ?”

“አጠገቤ ስትቆም ይሞላል።” መኪናው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። “ለዘነበች እንዳወቅኩ አትንገራት። ድራይ ክሊን ካለች ድራይ ክሊን ነው።”

ቤት ሳልደርስ እትዬ ዘነበች ደወሉ። “አወቀብኝ?”

“ኧረ ምንም።”

“ተመስገን።”

ምስጢር ይዤ አላውቅም፣ ለደብተሬ ነው የምተነፍሰው። ሱሪውን ለብሼ ነው ይህን የምጽፈው። አሁን ኪሱን ፈተሽኩ። ትኬቴ አለ፣ በሥርዓት ተጣጥፎ።