የሟች ልጄን የጌም ሙግት ስላቋረጡልኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ አፈወርቅ ጥላዬ
የአስታ በር ከተማ ወጣቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አስታ በር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ ጤና፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚያመላልስዎ መኪናም ጤና እንዴት ሰነበተ እላለሁ። ውርጩ በጠናበት በዚህ በጥቅምት ወር ጉልበትዎን እንዳይዝዎት፣ ማኅተም የምትይዘው ቀኝ እጅዎም እንዳትዝልብዎት እመኛለሁ፤ ዘንድሮ ብዙ በር አሽጋለችና ድካሟ ይገባኛል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከሐዘኔ በቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ወሰንየለሽ ጫኔ ይባላል። የበግ ጠጉር እየፈተልኩ ለሸማኔ በማቅረብ የምኖር፣ ፊደልን በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩ፣ በማታ ትምህርትም ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። የእርስዎ ፊርማ ደግሞ ሳይነበብ ጭምር የሚፈጥን ስለሆነ መካከል ላይ እንገናኛለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አምና መስከረም ሊያልቅ ሲል የሞተው የምንተስኖት እናት ነኝ። ያስታውሱት እንደሆነ በቀብሩ ላይ ስለ ልማታዊ ወጣት ረጅም ንግግር አድርገዋል። በንግግርዎ ውስጥ ልጄን በሌላ ልጅ ስም ጠርተውታል፤ ስሙ ግን የሚያምር ስም ነበርና አልተቀየምኩም።

ነገሩ እንዲገባዎት፣ ለሌላውም አንባቢ እንዲገባው፣ ከሥሩ ልጀምር። ከገበያው በላይ ማሙሽ የሚባለው ጎረቤታችን የከፈተው ጌም ቤት ነበር። «ነበር» ያልኩት በእርስዎ ብርታት ነው። ወጣቶቹ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ እዚያ ተሰብስበው የዓመቱ ምርጥ ጌም የትኛው ነው ብለው ይሟገታሉ። እኛ መንዞች መቼም ያለ ሙግት ውለን አናድርም፤ የሚሟገቱበት ርስት ሲያጡ ልጆቻችን በኮምፒዩተር ጨዋታ ጀመሩት። አሟጋገታቸው ግን የአያቶቻቸው ነው። ዘንግ ይያዛል፣ ዳኛ ይሰየማል፣ በላ ልበልሃ ይባላል። ሁለቱ ተሟጋቾችም ፍርዱ ሳይሰማ አንዱ ተናዶ ጥሎ እንዳይወጣ፣ የአንዱ ልብስ ጫፍ ከሌላው ልብስ ጫፍ ጋር ተቋጥሮ በቁራኛ ይቆማሉ።

ልጄ ከመሞቱ በፊት በነበረው ጳጉሜን ዳኛዋ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ጽናት ነበረች። ተሟጋቾቹ ልጄና ኢስሐቅ ናቸው። ኢስሐቅ ቤተሰቦቹ ቆላ ያሉ፣ እዚህ ጨርቅ የሚነግድ ልጅ ነው፤ የሚሟገተው ለኳስ ጨዋታ ነው። የእኔ ልጅ የሚሟገትለት ደግሞ ሰው መንደር እየሠራ፣ እርሻውን እያሳረሰ፣ ሰዎቹን የሚያኖርበት ጌም ነው። ኢስሐቅ ዘንጉን ወዝውዞ «የእኔ ጨዋታ በዘጠና ደቂቃ ልብ ያሞቃል፣ የአንተ ግን ገብስ እስኪደርስ ያስጠብቃል፤ ጌም ነው ወይስ ግብርና ጽሕፈት ቤት?» ቢለው ቤቱ ሁሉ ሳቀ አሉ። ልጄም መልሶ «የአንተ ሰዎች ፊሽካ ሲነፋ ያልቃሉ። የእኔ ሰዎች ግን ፊቴን ባዞርም ሥራቸውን ይሠራሉ» አለው። ይህን ተናግሮ መንደሩን ለዳኛዋ ሊያሳይ ሲል ኮምፒዩተሩ ጨለመ። ኢስሐቅ «ምስክርህ ሞተ፣ ዋስ ጥራ!» ብሎ ሲቀልድ፣ ጽናት ማስረጃው ተጠግኖ እስኪቀርብ ቀጠሮ ሰጠች።

ልጄ ኮምፒዩተሩን በበግ ጠጉር ባና ጠቅልዬለት ለማስጠገን ደብረ ብርሃን ይዞት ወረደ። ተጠገነለት። ሲመለስ ጉም ወርዶ ነበር፤ ሚኒባሱ ከመንገድ ወጣ። ኮምፒዩተሩ አንድ ጭረት ሳያገኘው ከነባናው ተገኘ። የቀረውን ያውቁታል፤ ንግግር ያደረጉበት ነው።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ሟች የጀመረውን ሙግት ወራሽ ያነሳዋል። ኢስሐቅ «ተሟጋቼ በሌለበት ይፈረድልኝ» ቢል ሕጉ ነበረው፤ እሱ ግን ከማሙሽ ጋር ቤቴ መጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ ቆሞ፣ «እማማ፣ ወራሹ እርስዎ ነዎት፤ ለጳጉሜን ይቀርቡልኛል። እኔ ከሞተ ሰው ላይ ማሸነፍ አልፈልግም፣ ከእርስዎ ላይ ግን በደስታ አሸንፋለሁ» አለኝ። ልጄ ከሞተ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ዕለት ነው። በዚህም ምክንያት እኔ የኮምፒዩተር ማውስ የሚሉትን ነገር በእጄ ነክቼ የማላውቅ ሴት የጌም ተሟጋች ሆንኩ። እርስዎ የደረሱልኝም በዚያ መሐል ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ከእስር ስላስፈቱኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ የጥቁር ነጠላዬ ጫፍ ከኢስሐቅ ጃኬት ጫፍ ጋር ተቋጥሮ፣ ዘንግ ይዤ ልናገር አፌን ስከፍት ሚሊሻዎችዎ በሩን ገፍተው ገቡ። ጌም ቤቱን እንዲከታተል ያቆሙት ታዛቢዎ ሰው ታስሯል ብሎ ነግሯቸው ኖሯል። በኋላ በስብሰባ በተነበበው ሪፖርት ላይ «በገመድ ታስረው የተገኙ አንዲት እናት በጸጥታ ኃይላችን ብርቱ ጥረት ነጻ ወጥተዋል» መባሉን ሰማሁ። ልጅ የሞተባት ሴት ነጻ ወጣች ሲባል መስማት እንዴት ደስ እንደሚል ልነግርዎ አልችልም። ቋጠሮውን በጥርስ መፍታት ይቻል ነበር፤ ሚሊሻዎችዎ ስለቸኮሉ በካራ ቆረጡት። የሐዘን ነጠላዬ አንድ ጫፍ ጎድሎ ቤተ ክርስቲያን ስቆም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ነጻነት ነው እላለሁ።

፪ኛ. የልጆችን ጨዋታ ወደ ፍርድ ቤት ደረጃ ከፍ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። «ያለ ፈቃድ የተቋቋመ ሕገ ወጥ ችሎት» ብለው በጻፉት ደብዳቤ ላይ ጽናት «ራሷን ዳኛ አድርጋ የሾመች» ተብላለች፤ እናቷ ይህን ሰምታ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላም ደመወዙ ስንት ነው ብላ ጠየቀች። ኢስሐቅ ተይዞ ቃልህን ስጥ ሲባል «ምርጡ ጌም ኳስ ነው ብያለሁ፤ ይህንን ቃል እስከ መጨረሻው አልክድም» ብሏል። መርማሪውም «ሌላኛውን ጌም የሚደግፈው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው «የሚደግፈው ሞቷል» ብሎ መለሰ። መርማሪው የሟቹን አድራሻ መዝግቦ አሰናበተው አሉ። አድራሻው ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተ ምሥራቅ፣ ከአጥሩ ሥር ነው፤ ሲመቻቸው ሄደው ይጠይቁት።

፫ኛ. ማሙሽን ከሥራ ስላሳረፉት። አሁን ቀኑን ሙሉ በታሸገው በር ፊት ተቀምጦ ማኅተምዎን ያነባል።

፬ኛ. ይኸኛውን በአጭሩ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይታገሱኝ።

ከጌም ቤቱ የወሰዷቸው ኮምፒዩተሮች በጽሕፈት ቤትዎ መጋዘን እንዳሉ፣ ከጥቅምት በኋላም በውስጣቸው ያለው ሁሉ ተጠርጎ ለሪፖርት መጻፊያ እንደሚውሉ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ቆሜ አነበብኩ። ሪፖርት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ያለ ሪፖርት ገብሱም አይበቅልም፣ ዝናቡም አይዘንብም። ሆኖም ከኮምፒዩተሮቹ አንዱ ልጄ ጭኑ ላይ ይዞት የነበረው ነው። በዚያ ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግርዎ ስላላገኙ ይመስለኛልና፣ ችሎቴን ስለዘጉብኝ ሙግቴን ለእርስዎ ላሰማ።

ክቡር ሆይ፤ ልጄ በዚያ ውስጥ አገራችንን ሠርቷል። ገደሉ አለ፣ የአስታው ቁጥቋጦ አለ፣ ገብሱ አለ፤ ጌሙ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለው ከጎተራ ላይ ጣሪያ አንስቶ እንደ ምንም አስመስሎ አቁሟል። በዓመቱ ውስጥ ማሙሽ ደጋግሞ እየጠራኝ፣ ወንበር እየሰጠኝ፣ ለሙግቱ እንድዘጋጅ እያሳየኝ አየሁት። ሰዎቹ ትንንሽ ናቸው። ስም አላቸው። ከመካከላቸው አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ ልጄ ከእውነቴ ይልቅ ወፈር አድርጎኛል፣ እንዲህ ብትሆኚ እወድ ነበር ማለቱ መሰለኝ። ምንተስኖት የሚባልም አለ። አረማመዱ የልጄ አይደለም፤ ማንም ሰው እንደዚያ አይራመድም። ቀን ቀን ከሌሎቹ ጋር ድንጋይ ይሸከማል። እዚያ ውስጥ ሲመሽ ግን ሁሉም ወደየቤታቸው ይገባሉ፤ እሱ ወደ ቤታችን ይመጣና ግድግዳውን ተጠግቶ ይቆማል። አይገባም። እዚያው ቆሞ ያነጋል።

መጀመሪያ ያየሁ ዕለት፣ ማሙሽን ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ ወሰን፣ ቤቱን ሳይጨርሰው ነው የሄደው፤ በር አላወጣለትም» አለኝ። እኔ እንግዲህ ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ ሁልጊዜ ውጭ የቀረ ሰው ያለ ይመስለኛል። ደግሞ ተነስቼ እከፍተዋለሁ። ጉም ይገባል፣ ሌላ የሚገባ የለም። ጎረቤቶቼ ብርዱ አያምሽም ወይ ይሉኛል።

በሩን ለምን ወዲያው አላወጣችሁለትም ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንደሩ የሙግት ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ፍርድ ሳይሰጥ እጅ አይነካውም። ማሙሽ ላውጣ ብሎ ነበር፤ ጽናት ዳኛ ናትና አይሆንም አለች፣ እኔም አይሆንም አልኩ። ልጄ በወጉ የጀመረውን በወጉ ልንጨርሰው ነው። ፍርዱ የተሰማ ዕለት፣ ብረታም ብሸነፍም፣ ወራሽ ነኝና በሩን በገዛ እጄ እንዳወጣለት ተስማምተን ነበር። ኢስሐቅ እንኳ «እኔ ካሸነፍኩ መዝጊያውን እኔ እገዛለሁ፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፣ መጋረጃም እጨምራለሁ» ብሎ ነበር። ጌም ውስጥ መጋረጃ እንደሌለ እያወቀ ነው። አንዲት ቃል ብናገር፣ ኢስሐቅ አንዲት ቃል ቢመልስ፣ ጽናት ብትፈርድ፣ የሚቀረው ይህ ነበር። እርስዎ ቀደሙን።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ጌም ቤቱን እንዲከፍቱ አይደለም፤ ያን ያህል ደፋር አይደለሁም። ይቅርታ ይጠይቁኝም አልልዎትም፤ ይቅርታ በእርስዎ መሥሪያ ቤት በየትኛው ክፍል እንደሚሰጥ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ኮምፒዩተሩ ከመጠረጉ በፊት ማሙሽን አስከትዬ መጋዘንዎ ገብቼ፣ ታዛቢዎ አጠገቤ ቆሞ እየተቆጣጠረኝ፣ ያንን በር ላውጣ። ልጄ ሲገባ ልየው። ከዚያ ወዲያ ይጥረጉት፤ ሪፖርትዎንም ይጻፉበት። ቤቱ ገብቶ የሞተ ልጅ ያላት እናትና ደጅ ቆሞ የቀረ ልጅ ያላት እናት አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱን በሪፖርት ላይ የሚያስገቡበት ቦታ ባይኖርም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ወረቀትዎን ስላበዛሁ፣ ይህ ደብዳቤ በሰሌዳዎ ላይ ቢለጠፍም አላፊ አግዳሚውን ስለማስቆም ከወዲሁ ይቅር ይበሉኝ። በተሰጠዎት ወንበር ላይ ረጅም ዕድሜ ይቀመጡ፤ ልጆችዎ ይደጉልዎት፤ ሄደው የሚመለሱ፣ ማታ ማታ የሚገቡ ልጆች ያድርግልዎት። ይህ ምርቃት ነው፣ ሽሙጥ የለበትም፤ ከደብዳቤዬ ውስጥ ይህችን ብቻ እንዳለች ይውሰዷት።

በቁራኛ ሳለሁ ነጻ ያወጡኝ፣
ከእግርዎ ሥር ትቢያ የሆንኩ፣
የምንተስኖት እናት
ወሰንየለሽ ጫኔ

ግልባጭ፦ ለሚያነብ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከጨረስኩ በኋላ አንድ የመጋዘንዎ አካባቢ ሰው እንደነገረኝ፣ ሠራተኞችዎ በምሳ ሰዓት በሩን ከውስጥ ቀርቅረው ያንኑ ኮምፒዩተር ከፍተው ይጫወቱበታል፤ የትኛው ጌም ይበልጣል እያሉም ይጨቃጨቃሉ። በእርግጥ ልብሳቸውን ስላልተቋጠሩ የተሸነፈው ጥሎ ይወጣል አሉ። በጌሙ ውስጥ ያለውን የእኛን ቤት ቦታው ጥሩ ነው ብለው አፍርሰው ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ሠርተውበታል። ልጁ ግን አሁንም ሲመሽ እዚያው ይመጣና ይቆማል፤ ቤቱ ስላልሆነ አይገባም፣ እነሱም ይስቁበታል። አዳራሽዎ በር አለው ብለውኛልና፣ እባክዎ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱን ያስነሡና ግባ ይበለው፤ ብርድ ነው።