ሐጂ ወፍጮውን ሲያቆሙ

ሰኞ፣ ግንቦት 3፤ ከቀኑ 7፡30

መብራት መጣ። ሄደ። ደግሞ መጣ። ደብተሬ፣ ዛሬ የከተማችን የሞርሲቶ የመብራት ፈረቃ ነው፤ ነገ ጨለማ፣ ከነገ ወዲያ ብርሃን። ፈረቃውንስ ለምደነዋል። ከት/ቤቱ አጥር ጀርባ ያለው የሐጂ ከድር ወፍጮ ነው ጉዱ። እሱ ሲነሳ ኃይሉን ሁሉ ይስባል፣ የእኔ ፕሮጀክተር ድርግም ይላል። ስንት ደብዳቤ ጽፌ ለሁለት ሳምንት የተዋስኩት ላፕቶፕና ፕሮጀክተር፣ ሆዱ ውስጥ የዓለም ካርታ ከነፎቶው ያለ፣ በበቆሎ ዱቄት ተሸነፈ።

5ኛ ሀ። ጃፓንን ጀመርኩ። መሀል ላይ ጨለመ። ልጆቹ ጃፓን ፈረቃዋ አለፈ ብለው ሳቁ። እኔ ግን ተናደድኩ። ጠመኔ ወረወርኩ፣ ወደ ማን እንደሆነ እንጃ።

ለመንገድ የገዛሁት ጫማ አልጋ ሥር ነው። ይህን የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን። ወንድም ጋሼ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከሱቁ ደውሎ ወደ እሱ የምሄድበት ጉዳይ አልቋል ብሎኛል። ደላላው ሆሳዕና ይጠብቀኛል። ቅዳሜ፣ ግንቦት 15። ከሞያሌ ወዲያ በመኪናም በእግርም። እናቴ አንጋጫ ናት፤ አልሰማችም። ብትሰማ በሩ ላይ ትተኛለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ሐጂን ልለምናቸው ሄድኩ። አርባ ደቂቃ ብቻ ያቁሙልኝ አልኩ። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወፍጮው የእኔ ነው፣ ወረፋው ግን የሴቶቹ ነው፣ እነሱን ጠይቅ አሉኝ። ሴቶቹ በሀዲይኛ ተመካከሩ። እሺ፣ ግን እኛም እናያለን አሉ። ምን እላለሁ!

ግድግዳችን ጭቃ ነው፣ ምስል አይቀበልም። አባባ ኤርሲዶ፣ ዘበኛችን፣ የለበሱትን ቡልኮ አውልቀው ሰጡኝ። ብርዱን እንዴት ያደርጉታል ብዬ ተጨነቅኩ፤ ዓለምን አሳየኝ እንጂ ብርዱን ለእኔ ተወው አሉ። ቡልኮው ተሰቀለ። ወፍጮው ዝም አለ። ዱቄት የነካው ፊት በየመስኮቱ።

አንድ የሙዝ እርሻ ሳሳይ ስልሳ ልጅ ባንድ ድምፅ "እንሰት!" አለ። አይደለም ብል ማን ሰምቶኝ። ከዚያ ፓሪስ። አንዱ ልጅ የእንሰቱ ጓሮ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ። የለም ስል፣ አንዲት እናት ከመስኮት፣ ታዲያ ክፉ ቀን ሲመጣ ምን ሊበሉ ነው አለች። ለፓሪስ ከልቡ ያዘነ ሰው ዛሬ አየሁ።

ማታ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው። ተመስገን።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ደብተር አረምኩ። ሁሉም የዓለምን አናት ቀይ ቀብተውታል። ግራ ገባኝ። ለካ ካርታው ሲሰቀል ሰሜን ዋልታ የሚያርፈው የአባባ ኤርሲዶ ቡልኮ ቀይ ጥለት ላይ ነው! በረዶ ነጭ ነው ብዬ ባስረዳም ሁለት ልጆች አላመኑኝም።

ከዚያ አፍሪካ። ከእኛ በስተደቡብ ያሉ አገሮችን ማን ያውቃል አልኩ። ዝምታ ነበር የጠበቅኩት። ሰሚራ ተነሳች። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካ። በቅደም ተከተል፣ ሳትደናቀፍ። ከዚያ ሁሉም። የአንዱ አጎት እዚህ ሱቅ አለው፣ የአንዷ ወንድም እዚያ ታስሮ ነበር። ካርታ ሳያዩ መንገዱን ጨርሰውታል። የእኔም ዝርዝር ትራሴ ሥር ያው ነው፤ ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተለየም። አፈርኩ።

የሰሚራ ወንድም ነስሩ በታኅሣሥ ነው የወጣው። በጥር ከታንዛኒያ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ታንዛኒያን አቅርበው አለችኝ። አቀረብኩ። እንደገና አለች። ካርታው ከዚያ በላይ አይሄድም፤ አንድ ቀጭን መስመርና የከተማ ስም ብቻ።

"ቲቸር፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም እንዴ?"

ደወል አዳነኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ጫማውን አድርጌ ገባሁ። አዲስ ነው፣ እስከ ቅዳሜ ይልመድ ብዬ።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የሰሚራ እናት ወ/ሮ ዘይነባ ከወፍጮ ወረፋ ወጥታ ገባች። ከታንዛኒያ ወዲያ በእግር ስንት ቀን ነው አለችኝ። ነገርኳት። ጫካው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ጭነት መኪናው የት እንደሚያወርድ፣ ቀን ለምን እንደማይኬድ። ካርታው ላይ የሌለውን፣ ወንድም ጋሼ ያስጠናኝን ሁሉ። ምላሴ ሮጠ። ፊቴን አየች። ከዚያ እግሬን አየች።

"ነስሩም እንዲህ ያለ ጫማ ገዝቶ ነበር። ለኳስ ነው አለኝ።"

እግሬን ጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ።

"እናትህ ታውቃለች?"

ካርታውን ማስተካከል ጀመርኩ። እህሏን ተሸክማ ወደ ወረፋዋ ተመለሰች። ወፍጮው ተነሳ፣ ፕሮጀክተሩ ጠፋ።

ቀኑን ሙሉ ተናድጄባታለሁ። ምን አገባት! አሁን ግን ንዴቱ በእሷ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ደብተሬ! ነስሩ ተገኘ! ትናንት ማታ ደወለ። ታንዛኒያ እስር ቤት ነው። ከስቷል፣ አንድ እግሩ ታሟል፣ ግን አለ። ከሌሎቹ ጋር ወደ አገር ሊመልሷቸው ነው።

ዛሬ ወፍጮውን ያስቆመችው ራሷ ወ/ሮ ዘይነባ ናት። የከተማውን ስም ወረቀት ላይ አስጽፋ መጣች። ፈልጌ አገኘሁላት። ሰሚራ ቡልኮው ላይ እጇን ዘርግታ ስሙን ሸፈነችው፤ ስሙ እጇ ጀርባ ላይ ተጻፈ። ሴቶቹ ከመስኮት እልል አሉ። ለታሰረ ልጅ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ር/መምህሯ ምን ተቃጠለ ብለው እየሮጡ መጡ፣ ሲነገራቸው እሳቸውም አለቀሱ። እኔማ ተወኝ።

ወ/ሮ ዘይነባ ስለ ጫማው ትንፍሽ አላለችም። ለማንም። ስትወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ አላህ ይስጥህ አለችኝ። እኔን!

ምን አደረግኩና ነው ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ወረፋውን የለቀቀው?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15፤ ጠዋት 1፡10፣ ሆሳዕና መናኸሪያ

ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። ጫማውን አድርጌአለሁ። ሌላው ጫማዬ ተቀድዷል፣ ምን ላድርግ።

ትናንት ለወንድም ጋሼ ደውዬ አልመጣም አልኩት። ጮኸብኝ። ከዚያ ስለ እናታችን ጉልበት ጠየቀኝ። ደላላው ከንጋት ጀምሮ ይደውላል። አላነሳም። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። የሚቆጨኝም ቀን ይመጣል።

ግን አንጋጫ ነው የምሄደው። እናቴን አስቀምጬ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ልሄድ እንደነበረም፣ ደብቄያት እንደነበረም። ትቆጣኝ።

ሰኞ ፈረቃችን ነው፤ የተዋስኩት ዕቃ የሚመለስበት ቀንም። አንድ ክፍለ ጊዜ ይቀረናል። ሞርሲቶ ካርታው ላይ የለችም፣ ልጆቹ ከሰሱኝ። ቡልኮው ላይ በጠመኔ ራሳችን እንጽፋታለን፣ አባባ ኤርሲዶ ፈቅደዋል። ወ/ሮ ዘይነባም ትመጣለች። እናትህ ታውቃለች ወይ ብላ ከጠየቀችኝ…

ረዳቱ አንጋጫ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እያለ ነው። እኔ ነኝ፣ ልግባ።