የማዳም የምግብ ፕሮግራም እና የእማ ስኳር

ሚሽሪፍ፣ ኩዌት
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለነጃት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደሴ ብርዱ ገብቷል ብለሻልና ለእማ ጋቢ ደርቢላት። በስልክ ስናወራ እሷ አጠገብሽ ስለማትጠፋ ይሄን በጽሑፍ አደረግሁት።

የጠየቅሽኝን ነገር ሳሰላስለው ሰነበትኩ። ለእማ ስኳር፣ ለብቻዋ የሚሆን የምግብ ፕሮግራም አወጣላታለሁ የሚል ባለሙያ አለ፤ ክፍያው ግን ከበድ ይላል፤ ይጠቅማል ወይ ነው ያልሽኝ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

የእኔ ማዳምም ስኳር አለባት። አምና ስሟ የተጻፈበት ምግብ በየቀኑ በካርቶን ይመጣላት ጀመር። ዶሮ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ እፍኝ የማትሞላ ሩዝ። ወረቀቱ "ለአንቺ ብቻ የተዘጋጀ" ይላል። ማዳም ሁለቴ ጎርሳ ትተወውና መጅቡስ ሥሪልኝ ትለኛለች፤ በሥጋና በቅመም የሚሠራው ሩዛቸው ነው። የተረፈውን የካርቶን ምግብ እኔ ስበላ ከረምኩ። የእሷ ስኳር ንቅንቅ አላለም።

ኋላ ልጇ ዓሊያ፣ ሒባ የምትባል የአመጋገብ ባለሙያ ይዛ መጣች። ሒባ ከማዳም ጋር ትንሽ አወራችና "ምግቡን የሚሠራው ማነው?" አለች። ተጠራሁ። ዘይት በምን እንደምለካ፣ ማዳም ስንት ሰዓት እንደምትበላ፣ መድኃኒቷን መቼ እንደምትወስድ፣ ሻይዋ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደማደርግ ጠየቀችኝ። ማዳምን አየት አደረግኋት።

"ንገሪያት" አለች እየሳቀች።

"አራት" አልኩ።

ሒባ መጅቡሱን አልከለከለችም። ሩዙን አስቀነሰች፣ ሰላጣው እንዲቀድም አደረገች፣ የሻዩን ስኳር ቀስ በቀስ አስተወቻት። በሦስተኛው ወር ሐኪሟ ወርዶልሻል አላት። ያችው ሴት፣ ያው ምላስ። ምን ለወጣት እያልኩ እስካሁን ይገርመኛል። ሰው ሲጠየቅ ይሰማል መሰለኝ።

ስለዚህ ነጃትዬ፣ ባለሙያው እማን ቁጭ አድርጎ ካልጠየቃት፣ መድኃኒቷን ካላየ፣ ረመዳን ላይ እንዴት እንደምትሆን ካላነሳ አትክፈይው። ለሁሉም የሚሆነውን ምክር የጤና ጣቢያዋ ነርስም ትነግርሻለች። ወጡን የምትሠሪው አንቺ ነሽና አንቺንም ይጠይቅሽ። እንዲህ ካደረገ ግን ክፈይ፤ እኔ እልካለሁ።

ሒባ ስትወጣ "አንቺስ ምን ትበያለሽ?" አለችኝ። በማግሥቱ ማዳም በራሷ የስኳር መለኪያ የእኔንም ጣት ወግታ አየችልኝ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። እኔ ደህና ነኝ፤ አታስቢ።

ባለሙያውን ስታገኚው አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል፣ ውሃ እየጠጣች ጥሟ የማይቆርጥላት ሴት ምን ብትበላ ይሻላታል? እዚህ ላለች ጓደኛዬ ነው። ለእማ ግን እንዳትነግሪያት።

አላህ ለእማ ዓፊያውን ይስጣት፤ አንቺንም ከእሷ ሳይለይ ያቆይልኝ።

እህትሽ ራቢያ