የግራው መዝጊያ

ፍራንክፈርት፣ ጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ.

ውድ ጋሽ ተስፎም፣

ጤናዎን ብጠይቅ መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ፤ ከፋሲካ ወዲህ ስልክዎን አንሥተውልኝ አያውቁም። ስለዚህ ዛሬ እኔ ልናገር፤ ቢቆጡም እንኳ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

ጀርመኖቹ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲያውሱን እርስዎ "እኛስ ምን እናድርግላቸው?" ሲሉ ከረሙ። በፋሲካ ዋዜማ፣ የዕጣን ማጨሻ ጽናችንን ለበዓል እንደሚያሹት ሁሉ፣ ሎሚ፣ ጨውና አመድ ይዘው ወደ ትልቁ የነሐስ በር ሄዱ። በዚህ በጋሉስ ሰፈር አመድ ከየት እንዳገኙ ዛሬም ይገርመኛል። እኔ ከውስጥ ምንጣፍ ስጠርግ ቆይቼ ብወጣ፣ የግራው መዝጊያ እስከ እጀታው፣ እስከ ማጠፊያው ድረስ ያብረቀርቃል፤ የቀኙ እንደ ጠቆረ ነው። እልል ልል አፌን ስከፍት የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ደረሰ።

"ምን አደረጋችሁ? ፓቲናው!" ብሎ ጮኸ። ጥቁረቱ ነሐሱ በብዙ ዓመት ያወጣው ቀለም መሆኑን፣ እነሱም እንደ ቅርስ እንደሚጠብቁት ተረጎምኩልዎ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ነሐስ ጠቁሮ በዓል ይዋላል እንዴ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

እውነትዎን ነው፤ እኛ ዘንድ አይዋልማ!

የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀ መንበር ኪዳነ "ቴርሚን ሰጥተውናል፤ ቀጠሮው ሊያስወጡን ነው" ብሎ ሲደነግጥ፣ እርስዎ የአዳራሹን ቁልፍ፣ ሽሉስሉን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ልሂድ፤ ሕዝቡን እንዳይነኩ ንገሯቸው" ብለው ወጡ። ወደ ግሪስሃይም ቤት መቀየርዎንም ከሰው ሰማሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አዝኜብዎታለሁ። እዚህ አገር አባቴ ያልኩት እርስዎን ነበር። አባት እንዲህ ጥሎ ይሄዳል?

በቴርሚኑ ቀን የሆነውን ግን አልሰሙም። ባለሙያ ጠርተው ነበር። መዝጊያውን በመድኃኒት ማጥቆር ይቻላል፣ ከተዋችሁትም ዝናቡና ዓመታቱ ራሳቸው ያጠቁሩታል አለ። ያኔ ፍራው ሊንድነር የሚባሉ አሮጊት ተነሡ። በሩ በተገጠመ ዓመት በዚያ በር ሙሽራ ሆነው የገቡ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል።

"ያን ቀን እንዲህ ነበር የሚያበራው" አሉ። "ረስቼው ነበር።"

ከዚያ አለቀሱ። መዝጊያውን መድኃኒት እንዳታስነኩብኝ ሲሉ ማንም አልተቃወማቸውም። እኛንም አላስወጡንም፤ ኪዳነ ብቻ እስከ ዛሬ በሩን ባለፈ ቁጥር እንዳይነካው እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።

ፍራው ሊንድነር እሑድ እሑድ ደጃፉ ላይ ይይዙኛል። "ያጸዳው ሰው የት ነው? እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ" ይላሉ። አንዴ ታመዋል አልኩ፤ አንዴ መንገድ ሄደዋል አልኩ። ጋሽ ተስፎም፣ ውሸት አለቀብኝ። እሳቸው ሰማንያን አልፈዋል፤ እርስዎም ልጅ አይደሉም። መዝጊያውም ከአሁኑ መደብዘዝ ጀምሯል።

ባለፈው ግሪስሃይም መጥቼ ደወልኩ። ሲያስሉ ሰማሁዎት፤ አልከፈቱልኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደገና እመጣለሁ። መክፈቱ ከከበደዎ ይተዉት፣ አልቀየምም። ብቻ ከውስጥ ሆነው "ማነው?" ይበሉኝ፤ ድምፅዎን ሰምቼ እመለሳለሁ።

ልጅዎ፣
የሺወርቅ