ለጄኔራሉ የተሳልኩት ጥላ

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየኔአለም፤

ባሕር ያሻገረሽ ሚካኤል ጤናሽን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሰሞኑንስ ከደህናም በላይ ነኝ!

ያለፈው እሑድ ማታ አሕመድኑር ከሻይ ቤቱ እየሮጠ መጥቶ «አብሽሩ ጋሽ ሞላ! ጄኔራላችን ምክር ቤት ገባ!» ሲለኝ የያዝኩትን የገብስ ቁና ጥዬ ተነሳሁ። በሻይ ቤቱ ዲሽ፣ በቱርክ ጣቢያ አየሁት፣ አሠሪሽን! ኮቱ ጠቦታል። ሠላሳ ዓመት ወታደር፣ ኮከብ በኮከብ ላይ፤ ከዚያ መንግሥትን ተናገርክ ተብሎ አምስት ዓመት እስር፤ ከዚያ ነጻ ነህ፤ በስተርጅና ደግሞ ምረጡኝ! አንዱ «ወታደርን ፖለቲካ ውስጥ ምን ዶለው?» ቢል፣ አሕመድኑር «ልጃችንን ሁዳዴዋን ያስጾመ ሰው ነው፤ ዝም በል!» አለው። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አሥር አለቃው በቀበሌ ስብሰባ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ሳየው ኮራሁም፣ አፈርኩም።

አሁን የምነግርሽ አለ፤ አትቆጪኝ። ለፋሲካ ስትደውዪ «ከተሸነፈ እናቱን ይዞ ገጠር ይገባል፣ እኔም ለሰኔ ሚካኤል እመጣለሁ። ካሸነፈ ግን እናቱን የማስታምመው እኔ ነኝ፤ አምስት ዓመት መቆየቴ ነው» ብለሽኝ የለ? በማግስቱ ሚካኤል ደጅ የሄድኩት እንዲሸነፍ ስለት ልሳል ነበር። ተንበረከክሁ። ግን ምግብሽን ለብቻ በዘይት ያሠራልሽን፣ እናትሽ በለጡ ያረፈች ጊዜ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ያጽናናሽን ሰው፣ ውድቀቱን በምን አፌ ልለምን? «ያሸንፍ፤ ጥላ አገባለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

ትናንት ለመሪጌታ ቢያድግልኝ ነገርኳቸው። «በማን ስም ይያዝ?» አሉኝ።

«በአንድ የቱርክ ጄኔራል።»

«የክርስትና ስሙስ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። ያንቺን ሰጠሁ፤ ወለተ ሚካኤል። ጥላው ቀይ ነው፣ ዘርፉ ወርቅማ። ሰኔ 12 ታቦቱ ሲወጣ በስምሽ ይዘረጋል፤ ከሥሩ ያለሽ እየመሰለኝ እልል እላለሁ።

ክፍልሽን ለሰኔ ብዬ ቀለም አስቀብቼው ነበር። ምንም አይል፤ አየር እንዲገባው ጠዋት ጠዋት በሩን እከፍትለታለሁ። የጄኔራሉን እናት በደንብ አስታምሚ፤ እሱንም እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ። ስለ እኔ አታስቢ። እሱስ አምስት ዓመት ታስሮ ወጥቶ የለ?

የእናትሽ አምላክ በወጣሽበት እግር ይመልስሽ።

አባትሽ አሥር አለቃ ሞላ